ያለ ወኪል በቃዲ ፊት፦ የኹልዕ ዋጋ

በኦቶማን ዘመን በኢየሩሳሌም፣ በናብሉስና በሐለብ የተጻፉትን የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገቦች ስንመረምር፣ ፍቺ የምትሻ ሴት ብዙ ጊዜ ራሷ በቃዲው ፊት ቆማ እናገኛታለን። ወኪል ማቆም የተፈቀደ ነበር፤ ወኪሉ ግን በአብዛኛው አባት ወይም ወንድም እንጂ እንደ ዛሬው በሙያው የሚከፈለው ጠበቃ አልነበረም። ስለዚህ ድህነት ሴቲቱን ከችሎት ደጅ አልመለሳትም፤ የጠበቃት ከውስጥ ነው። ኹልዕ የጠየቀች ሚስት ያልተከፈላትን ቀሪ መህር፣ አንዳንዴም የዒዳ ቀለቧን ትተው ነበር። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት በመህርነት የተቀበለችውን የአትክልት ስፍራ መልሳ እንደተለያየች ሐዲስ ይነግረናል። የመዝገቦቹ ድሆች ግን የሚመልሱት አትክልት የላቸውም፤ የለቀቁት ገና በእጃቸው ያልገባውን፣ ለነገ የሚተማመኑበትን ገንዘብ ነው። መዝገቡ ሁለቱ ወገኖች መስማማታቸውን ጽፎ ያልፋል፤ ያችን ሴት ወደ ስምምነቱ ያደረሳት ምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ኹልዕን የሴት መብት ማስረጃ አድርገው ብቻ የሚያነቡትን ያህል ለመድፈር የምናመነታው በዚህ ምክንያት ነው።