የኮዳክሮም የመጨረሻ ጥቅል

ኮዳክሮም የተባለውን የቀለም ፊልም የፈለሰፉት ሁለት ሙዚቀኞች ናቸው። ሊዮፖልድ ማንስ ፒያኖ፣ ታናሹ ሊዮፖልድ ጎዶውስኪ ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋች ነበሩ። በጨለማ ክፍል ሰዓት ማየት ስለማይቻል፣ ፊልሙ በኬሚካሉ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የብራምስን ሲምፎኒ እያፏጩ ይለኩት እንደነበር ይነገራል። የድካማቸው ፍሬ በኮዳክ ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1935 ለሲኒማ፣ በ1936 ደግሞ ለፎቶግራፍ ካሜራ ቀረበ።

የዚህ ፊልም ጠባይ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ሌሎች የቀለም ፊልሞች ቀለም የሚፈጥረውን ንጥረ ነገር በውስጣቸው ይዘው ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ኮዳክሮም ግን በመሠረቱ የተደራረበ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ቀለሙ የሚገባው በሚታጠብበት ጊዜ ነው። ከዚህም የተነሳ ምስሉ ጥርት ያለ፣ በጨለማ ከተቀመጠም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቀለሙን የማይለቅ ሆነ። ይሁን እንጂ ያው ጠባዩ መጥፊያውም ሆነ። እጥበቱ እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ ተራ ፎቶ ቤት ሊሞክረው አይችልም። ዲጂታል ካሜራ ገበያውን ሲወርስ፣ ኮዳክ በጁን 2009 ምርቱን ማቋረጡን አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ፊልሙን የሚያጥብ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በአሜሪካ፣ በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ ፓርሰንስ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ድዌይንስ ፎቶ ነው።

ለሠላሳ ዓመታት ያህል በኮዳክሮም የሠራው ስቲቭ ማኬሪ በዚያን ጊዜ ወደ ዲጂታል ተሻግሮ ነበር። ቢሆንም ከፋብሪካው የወጣውን የመጨረሻ ጥቅል ጠይቆ ተቀበለ። ጥቅሉ የያዘው 36 ምስል ብቻ ነው። በአንድ ቀን ብዙ ጥቅል መጨረስ ለለመደ ሰው፣ እያንዳንዷን ምስል እንደ ስንቅ መቁጠር አዲስ ሥርዓት መሆኑ አይቀርም። በኒው ዮርክ ተዋናዩን ሮበርት ደ ኒሮን፣ በህንድ የራባሪ ጎሣ ሰዎችን አነሣ። በጁላይ 2010 ጥቅሉን ራሱ ይዞ ፓርሰንስ ገባና የመጨረሻዋን ምስል በከተማይቱ መካነ መቃብር አነሣ። እንዲህ ያለው ፍጻሜ በተውኔት ቢጻፍ ተመልካቹ ደራሲውን «አበዛኸው» ይለው ነበር።

ድዌይንስ ፎቶ ጥቅል መቀበል ያቆመው ዲሴምበር 30 ቀን 2010 ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የባቡር ሠራተኛ ከአርካንሶ መኪናውን እየነዳ መጥቶ ያሳጠባቸውን 1,580 ጥቅሎች ተረከበ፤ ምስሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የባቡር ነበሩ። የከፈለውም ወደ 16,000 ዶላር ይጠጋል።

የታጠበው ተርፏል። ስላይድ እንደ ተራ ፎቶግራፍ ከኔጋቲቭ የተባዛ አይደለም፤ በካሜራው ውስጥ ሆኖ ብርሃኑን የተቀበለው ቁራጭ ፊልም ራሱ ነው። ማኬሪ በ1984 በፓኪስታን፣ በናስር ባግ የስደተኞች ሠፈር፣ አንዲት አፍጋናዊት ልጃገረድን ስሟን ሳይዝ በኮዳክሮም አንሥቷት ነበር። ምስሏ በጁን 1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ ስለ እርሷ ስንቱ ሲናገር፣ የምስሉ ባለቤት ግን አላየችውም። በ2002 ተፈልጋ ስትገኝ ስሟ ሻርባት ጉላ መሆኑ ታወቀ። እርሷነቷ እንዲረጋገጥም የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዶግማን በዓይኖቿ ብሌን ዙሪያ ያለውን ጥለት ከአሮጌውና ከአዲሱ ምስል ወስዶ አነጻጸረ። ከ17 ዓመታት በኋላ አሮጌው ቀለም ለምስክርነት በቃ። ሻርባት ጉላም ያን ፎቶግራፍ ያየችው ያኔ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኮዳክሮም በጨለማ ያለውን ጽናት በፕሮጀክተር ብርሃን ፊት አያሳይም፤ በዚያ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይደበዝዛል። ስለዚህ አሮጌ ስላይድ ያለው ሰው ደጋግሞ ባየው መጠን ይቀንሰዋል፤ ብልሁ በኮምፒዩተር ቀድቶ ዋናውን ወደ ሣጥኑ ይመልሳል። የማኬሪ 36 ስላይዶች በሮቸስተር ከተማ ለሚገኘው ለጆርጅ ኢስትማን ሙዚየም ተሰጥተዋል። ሳይታጠቡ በየመሳቢያው የቀሩት ጥቅሎች ግን ዛሬ የሚሰጡት ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ነው።