ስለ ይፋት ቆላ ተክልና ስለ ወራቱ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ሌሎች ጸሓፊዎች ስለ ሕንፃውና ስለ አገልጋዮቹ ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ቆመችባት ምድርና ስለ ተክሏ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ካህናት እንደሚያውቁት በሥርዓታችን ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ይኸውም ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፥ ሐጋይ እስከ መጋቢት 25፥ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ነው። የይፋት ቆላ ገበሬ ይህን ቁጥር ያከብራል፤ ነገር ግን ማሽላውን የሚዘራው ቁጥሩን አይቶ ሳይሆን የበልጉን ዝናም ጠብቆ ነው።

ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ያህል ናት። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚጨምር፥ ከላይ ጋቢ የተከናነበ መንገደኛ ከታች ሲደርስ አውልቆ በትከሻው ይጥለዋል። ገብስና ባቄላ ከላይ ይቀራሉ፤ ከታች ማሽላ፥ ጥጥ፥ ሙዝ፥ ማንጎና ፓፓያ ይቀበሉታል።

የዚህ አገር ተክል በጥንት ጸሓፊዎችም ዘንድ ይነሣል። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐረባዊው ጸሓፊ አል ዑመሪ ስለ ይፋት ሲጽፍ ሙዝን፥ ሎሚን፥ ሸንኮራ አገዳንና ጫትን ጠቅሷል። የያኔው ይፋት ከዛሬው እጅግ የሰፋ ስለ ነበረ፥ ሁሉ በዚሁ ሸለቆ በቀለ ማለት አይቻልም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም የይፋት ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልባት መዛቱ ተጽፏል። አገር ወሰድሁ ለማለት ተክል መጥቀሱ ያስደንቃል። ዛቻው ግን አልተፈጸመም፤ ንጉሡ ድል ነሥቶ አሰረው።

ለቆላችን ዋናው እህል ማሽላ ነው። የቀድሞው ዘር በሚያዝያ ተዘርቶ በኅዳር ይታጨዳል፤ ሰባት ወር ያህል በመሬት ይቆያል። ቁመቱ ከሰው ያልፋል፤ አገዳውም ለከብት፥ ለአጥርና ለማገዶ ስለሚሆን ገበሬው ይወደዋል። ዳሩ ግን በልጉ ከቀረ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል። በ1977 ዓ.ም. ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ራብ ከበረታባቸው አገሮች አንዱ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋም ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሩቅ አገር ለሰፈራ ተወሰደ። የዚያን ዓመት ነገር ሽማግሎች ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ገበሬው ሁለተኛ መንገድ ይዟል። በልጉ ሳይሰጥ ሲቀር ማሽላውን ይተውና ክረምቱ ሲገባ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራል። ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሸጣል። ከሲሪንቃና ከመልካሳ የምርምር ጣቢያዎች የወጡት ግራና አንድ፥ ተሻለና መልካም የተባሉት ማሽላዎችም ከቀድሞው ፈጥነው ይደርሳሉ። አንዳንዱ ገበሬ አገዳቸው አጭር ነው ብሎ ይነቅፋቸዋል፤ ነቀፋውም ከንቱ አይደለም፤ በጋውን ላም የምትውለው በዚያው አገዳ ነውና።

በሮቢ ወንዝ ዳር መስኖ ያለው ሰው ደግሞ የደረቁን ወራት ይመርጣል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይሰምርላቸዋል፤ በክረምት የተተከለ ሽንኩርት ግን ቅጠሉን ሻጋታ ይበላዋል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ሽቅብ የሚሄደውን መንገድ ስላቀለለው፥ የዛሬ ለቀማ ነገ አዲስ አበባ ገበያ ይታያል።

እኛም በዐጸዳችን ይህን ሳናስተውል ተሳስተን ነበር። ከዓመታት በፊት የደጋ አድባራትን ዐጸድ አይተን ብንቀና የኮሶና የጥድ ችግኝ አምጥተን ተከልን። ኮሶው አንድ በጋ እንኳ አላለፈም፤ ጥዱም ሳያድግ ሳይሞትም ቆሞ ቀረ። ማንም ያልተከላት ቁርቁራ ግን በአጥሩ ጥግ በቅላ ዛሬ ለአረጋውያን ጥላ ሆናለች። የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን ስሟ «የክርስቶስ እሾህ» ይሏታል።

የቀረው የመገበርያው ስንዴ ነገር ነው። ስንዴ ቅዝቃዜ ስለሚወድ በክረምት በቆላችን አይሳካም፤ ስለዚህ ከደጋ እያስመጣን ኖረናል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአዋሽና በሌሎች ቆላዎች የመስኖ ስንዴ በሰፊው ይዘራ ጀመር። ብልሃቱ ሙቀት የሚችል ዘር መርጦ፥ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር መዝራት ነው። እኛም ይህን ሰምተን ባለፈው ኅዳር ከዐጸዱ በታች ጥቂት መደብ ዘራን። ወፍ አስቸገረን፤ የአብነት ተማሪዎች በወንጭፍ ጠበቁልን። በመጋቢት መጀመሪያ ብናጭደው አራት ቁና ሆነ። ለዓመቱ አይበቃምና የደጋውን ስንዴ አሁንም እናስመጣለን፤ ከአራቱ ቁና ግን አንዱን ለዘር አስቀምጠነዋል።