የወሊድ ፈቃድና የጤና ባለሙያዋ ጓዳ፦ ከአራስ ቤት እስከ አዋጅ

የሀገራችን ዘመናዊ የሕዝብ ጤና ታሪክ ሲነሣ ጎንደር ሳትጠቀስ አትታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሠማሩ ታስቦ ነበር። በእንዲህ ያለ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ነርሷ ስትወልድ ሥራዋን ማን ይይዛል? የቤቷስ ገቢ በምን ይደገፋል? ይህ ጥያቄ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ቢሆንም ብዙም አልተጻፈበትም። ስለሆነም የወሊድ ፈቃድ እስካሁን የመጣበትን መንገድና ለባለሙያዋ ጓዳ የተረፈውን ሸክም በአጭሩ መመልከት ተገቢ ነው።

የአራስነት ቀናትና የሕጉ ቀናት

ሕግ ሳይመጣም በፊት በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ አራስነት ቀኑ የተቆጠረ ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ሕፃኑም በዚያ ቀን ክርስትና ይነሣል። እስከዚያው እናትና እኅት ያርሷታል፤ ጎረቤት ገንፎውን ያገነፋል፣ ውኃውን ይቀዳል። በዛሬ አነጋገር ይህ ማኅበራዊ ዋስትና ነው፤ የአራሷ ወጪና ድካም ለብዙ ትከሻ ይከፋፈላል። ከዘመድ ርቃ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ የተመደበች ነርስ ግን በዚህ ፈንታ በወር ደመወዟ መተማመን ነበረባት።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60፣ በድምሩ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የወሊድ ፈቃድን ከሙሉ ክፍያ ጋር የሴቶች መብት አደረገው። በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 262 እና በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 515 ለመንግሥት ሠራተኞች ይህንኑ 90 ቀን አጸኑ። እዚህ ላይ ሕጉና ባህሉ አልተገጣጠሙም፤ ሴት ልጅ የወለደች ነርስ ክርስትናው ሊደርስ 20 ቀን ሲቀረው ወደ ዎርድ መመለስ ግድ ይሆንባት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ወደ 90 ቀን ከፍ በማድረግ ድምሩን 120 ቀን አደረሰው። ለአባትም 10 የሥራ ቀን ሰጠ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1156 በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቀደ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 በስምምነቱ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 14 ሳምንት ወይም 98 ቀን መሆኑን ስናስብ እድገቱ የሚናቅ አይደለም። አዋጅ 1064 በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1353 ስለተተካና የጤና ጣቢያ ሠራተኞችም በክልል ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ እያንዳንዷ ባለሙያ የሚመለከታትን ድንጋጌ ከሰው ኃይል ክፍል ማረጋገጥ ይገባታል።

አዋጁ ያልቆጠረው ገቢ

ሕጉ የጠበቀው ደመወዝን ነው። የጤና ባለሙያ ቤት ግን በደመወዝ ብቻ አይተዳደርም፤ የተረኝነት ክፍያው፣ ማለትም ዲዩቲው፣ የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን ይደጉማል። ዲዩቲ የሚከፈለው ለተሠራ ሰዓት በመሆኑ ፈቃዱ ሲጀመር ይቋረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ስለሆነ፣ በግል ጤና ተቋም የምትሠራዋ ይህን ገቢ ከዚያም ቀድማ ታጣለች። ጤናዋን የጠበቀው ድንጋጌ ቦርሳዋን ያሳሳዋል።

ለምሳሌ ከወር ገቢዋ ሁለት እጁ ከደመወዝ፣ አንድ እጁ ከዲዩቲ የሚመጣ ነርስ እንውሰድ። በ4 ወር ፈቃድ የ4 ወር ዲዩቲ ታጣለች። መቆጠብ የጀመረችው ፅንሱ 3 ወር ሲሞላው ከሆነ ፈቃዱ እስኪደርስ ያላት 5 ወር ነው፤ ጉድለቱን ለመሙላት በየወሩ ከዲዩቲዋ አምስት እጅ አራቱን ማስቀመጥ ይኖርባታል። ከመፀነሷ ጀምሮ በ8 ወር ከሆነ ግን ግማሹ ይበቃታል። የሞግዚት ደመወዝና የሕፃኑ ወጪ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ባልና ሚስት ገና ልጅ ሲያስቡ በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር መጀመር፣ የዕቁቡንም ዕጣ ከመውለጃው ወር ጋር ማስማማት ይበጃቸዋል።

የቀረው የተቋማት ድርሻ

ጉዳዩ በቁጠባ ብቻ አያበቃም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 5,000 ያህል ሕዝብ ላለው ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። አብዛኞቹ ሲመደቡ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አንዷ ስትወልድ ያንን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሌላዋ ብቻዋን ትይዘዋለች፤ የባልደረባዋ ድካም የሚከብዳት አራስም ሳትጠነክር ወደ ሥራ ለመመለስ ትገፋፋለች። የወሊድ ፈቃድ ወራት አስቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ እንደ ድንገተኛ ሕመም ሊቆጠር አይገባም። ተተኪ ባለሙያና የተተኪዋ ክፍያ በዓመቱ በጀት ሊያዙ ይችላሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን 6 ወር ሙሉ የእናት ጡት ብቻ እንዲመገብ ይመክራል፤ እኛም በየክሊኒካችን ይህንኑ እናስተምራለን። የ90 ቀኑ ፈቃድ የሚሸፍነው ግን የዚህን ጊዜ እኩሌታ ነው። አዋጅ 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ማዘዙ ለቀሪው እኩሌታ መልስ ነበር። የሕፃናት ማቆያ የሌለው ሆስፒታል ለእናቶች የሚያስተምረውን ለራሷ ነርስ ይከለክላታል። ለ1947ቱ ዓ.ም. ቡድን ያልታሰበለትን የነርሷን አራስነት ለዛሬው ቡድን ማሰብ የእያንዳንዱ ተቋምና የሙያ ማኅበሮቻችን ኃላፊነት ነው።