የራዚ ጽጌረዳና የጢቾ አውድማ



የመኸር ወራት ደርሶ በጢቾ ዙሪያ ገብስና ስንዴ ሲወቃ አውድማ ዳር ቆማችሁ ታውቃላችሁን? መንሹ ወደ ላይ ሲነሳ ፍሬው ወደ መሬት ይወርዳል፣ ገለባው ከነፋስ ጋር ይሄዳል። ለብዙው ሰው ይህ የበረካ ሽታ ነው። ለአንዳንዱ ግን ዓይኑ የሚቀላበት፣ አፍንጫው ያለማቋረጥ የሚፈስበት፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚልበት ሰሞን ነው። ቤተሰቡ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። አያት ጥቁር አዝሙድ ትወቅጣለች፤ ጎረቤት ማር ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ደግሞ «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ይላል። ከእነዚህ ትክክለኛው የትኛው ነው? መልሱን እስቲ ከታሪካችን እንፈልገው።

ጽጌረዳ ሲያብብ የሚነሳ ሕመም

ከአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት በፊት ገደማ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር በምትገኘው በበልኽ አካባቢ፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባል ታላቅ ሊቅ ይኖር ነበር። ይህ ሊቅ የጸደይ ወራት መጥቶ ጽጌረዳ ሲያብብ በጉንፋን መሰል ሕመም ይያዛል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይተወዋል። የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚም ስለዚሁ ሕመም ራሱን የቻለ አጭር ጽሑፍ ጻፈ። አል-ራዚ በረይና በባግዳድ የሕሙማን ቤቶችን የመራ፣ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይቶ መጽሐፍ ያዘጋጀ ሰው ነው። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ925 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። አል-ራዚ ነገሩን «ብርድ ነው» ብሎ አላለፈውም። ለምን ይህ ሰው? ለምን በዚህ ወቅት? ለምን በዚህ አበባ? ብሎ ጠየቀ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጽሑፍ በየወቅቱ የሚነሳ የአፍንጫ አለርጂ ከተገለጸባቸው ቀደምት ሥራዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ግን ኦስትሪያዊው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የፈጠረው ከዚያ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ታማሚው አል-በልኺም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ለአካልና ለነፍስ ስለሚበጁ ነገሮች በጻፈው መጽሐፍ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ አየር፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ በተራ በተራ አትቷል። ምግብን ብቻውን ነጥሎ መድኃኒት አላደረገውም፤ ከቤቱና ከአየሩ ጋር አያይዞ ነው ያየው።

ዘበኛው ሲሳሳት

አለርጂ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚከላከል ኃይል አኑሯል። ይህ ኃይል እንደ ቤት ዘበኛ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ዘበኛ ደካማ አይደለም፤ ይልቁንም እንግዳውን ሌባ ነው ብሎ የሚደበድብ ነው። የአበባ ብናኝ፣ የገለባ አቧራ፣ እንቁላል ወይም ኦቾሎኒ እንደ ጠላት ይታየዋል። ስለዚህ «የመከላከል አቅምን ከፍ ያደርጋልና አለርጂን ያድናል» ተብሎ ጠርሙስ ሲሸጥላችሁ፣ ነገሩ ከመነሻው የተዛባ መሆኑን እወቁ። የሚፈለገው ዘበኛውን ማስቆጣት ሳይሆን ማረጋጋትና ከሚያስቆጣው ነገር መራቅ ነው።

አጥሚትና ተልቢና

ይህ ማለት ምግብ አይረባም ማለት ነውን? በፍጹም! እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢና እንዲሠራ ያዙ ነበር። የአላህ መልዕክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) ተልቢና የታማሚውን ልብ እንደሚያሳርፍ መናገራቸውን አስተላልፈዋል። ተልቢና ከዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ሙቅ ነው፤ ዑለማኦች የገብስ ዱቄትን ይጠቅሳሉ፤ ማርም ይጨመርበታል። ለአርሲ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነውን? እናቶቻችን ለአራስና ለታማሚ የሚያቀርቡት አጥሚት የእርሱ ወንድም አይደለምን? ጩኮው፣ በሶው፣ የረመዷኑ የገብስ ሾርባ ሁሉ ከዚሁ እህል ነው። ገብስ አንጀት ለሚጠቀምበት አሰር የታደለ፣ ኃይል የሚሰጥ፣ ለታመመ ሆድም የሚስማማ ምግብ ነው። ገብስና ስንዴ የማይስማሙት ሰው ግን አለና እርሱ ሊርቃቸው ይገባል።

ስለ ጥቁር አዝሙድም ከሞት በስተቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለበት የሚገልጸው ሐዲስ ሶሒሕ ነው። ሆኖም እንደ አል-ኸጧቢ ያሉ ዑለማኦች ቃሉ ጥቅል ቢሆንም የሚመለከተው የተወሰኑ የሕመም ዓይነቶችን ነው ሲሉ አብራርተዋል። በዘመናችን የተደረጉ አንዳንድ አነስተኛ ጥናቶችም ዘይቱ የአፍንጫ አለርጂን እንደሚያስታግስ ጠቁመዋል። ይህ ደስ ያሰኛል፤ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ከሐኪም ለማስቀረት ግን ማስረጃ አይሆንም።

የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታሪክ ለዚህ ይበቃናል። በአቡ ዳዉድ ሱነን እንደተዘገበው ሰዕድ በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቋቸው፤ ከዚያም ሕክምና ወደሚያውቀው ወደ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳ መሯቸው፤ የዓጅዋ ተምርም እንዲሰጣቸው አዘዙ። ምግቡና ሐኪሙ በአንድ ዘገባ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛ ለምን እንለያያቸዋለን?

ከጅማ የተገኘ ትምህርት

በአገራችንም የአል-ራዚን ጥያቄ የጠየቁ ሐኪሞች አሉ። በጅማ ከተማና በዙሪያው ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ አስምና የደረት ሲርሲርታ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ እንደሚገኝ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲርሲርታ እንደሚያንሳቸው ገለጸ። ዘበኛው እውነተኛ ሥራ ሲኖረው ከእንግዳው ጋር መጣላቱን የሚቀንስ ይመስላል። ይሁንና ትሉ ደም መጣጭ ነውና ማንም መድኃኒት ነው ብሎ እንዳይተወው!

ወደ ቤታችን ስንመለስ

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ እንደ አል-ራዚ እናስተውል። ልጁን የሚያመው መቼ ነው? በውቂያ ሰሞን ከሆነ ከአውድማውና ከኮምባይነሩ አቧራ ይራቅ፤ የግድ ከቀረበም አፍንጫውና አፉ ይሸፈን። ሌሊት ከሆነ የሚተኛበትን አጎዛና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ አስጡት። ኩበትና እንጨት የሚነድበት ቤት ጭስ ለአስም ክፉ ጠላት ነው፤ ማድቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ጭስ መውጫም ይኑረው። ሕፃናት ጡት ይጥቡ። ቁርዓን ለእናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት የጠቀሰበት ስጦታ ነው፤ የእናት ወተት በሽታን የሚከላከሉ ነገሮችን ለልጁ ያቀብላል። ማር ፈውስ እንዳለበት በሱረቱ አን-ነሕል ተነግሯል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም፤ ብርቱ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላልና።

ሐኪም ያዘዘውን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት «ልማድ ይሆናል» ብላችሁ አትንፈጉት። ሕመሙ የበረታበት ሰው በረመዷን እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን እንዲተካ አላህ ፈቅዶለታል። ምግብ በልቶ ከንፈሩና ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ መናገር ካቃተው፣ ያን ጊዜ አዝሙድ የሚወቀጥበት ሰዓት አይደለም። በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አያትም፣ ጎረቤትም፣ «ሐኪም ዘንድ ውሰዱት» ያለውም እያንዳንዳቸው ከእውነቱ ድርሻ አላቸው። ስህተቱ አንዱን ይዞ ሌላውን መግፋት ነው። አጥሚቱ ይቅረብ፣ ሰበቡ ይፈለግ፣ ሐኪሙ ይጠየቅ፤ ተወኩላችንም በአላህ ላይ ይሁን። አላህ ለሕሙማኖቻችን ዓፊያን ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።