ከተከዜ እስከ ጀሪካን

ላሊበላን የሚሳለም ሰው ዓይኑን በዓምዱና በጣሪያው ላይ ያሳርፋል፤ የውኃውን ነገር ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ከ800 ዓመታት በፊት ዓለቱን የፈለፈሉት ጠበብት ለዝናቡ መውረጃ ቦይ አበጅተዋል፤ በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢም ከዓለት የተፈለፈለ ጠበል ያለበት ገንዳ አለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ መካከል የሚያልፈው ወራጅ ዮርዳኖስ ተብሎ ተሰይሟል። ለላስታ ሰው ውኃ የጥም ብቻ ሳይሆን የጸሎትም ነገር ነው።

ተከዜም የሚመነጨው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከምንጩ ራቅ ብሎ፣ የራስ እምሩ ጦር በሰፈረበት የተከዜ ዳርቻ፣ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በርሜል የመሰለ ነገር ጣሉ። ከውስጡ የፈሰሰው የነካው ሁሉ ሰውነቱ ቆሰለ። ሊጠጣ ወደ ወንዙ የወረደ ወታደር፣ ከብቱን ሊያጠጣ የመጣ ገበሬ ሳይቀር በዳርቻው ተሠቃየ። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላም ወደ ኋላ ያፈገፈገው ጦር በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምብና መርዝ ወረደበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ተነሥተው ወደ ላሊበላ ሄዱና ጸለዩ። በሰኔ ወር ደግሞ በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ ሰዉ ብቻ ሳይሆን ወንዙና ሐይቁ መመረዙን ለዓለም አሰሙ። የኢጣሊያ መንግሥት በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው 60 ዓመት ዘግይቶ፣ በ1988 ዓ.ም. ነበር።

ያ መርዝ ከሰማይ መጣ፤ ጠላቱም የታወቀ ነበር። የዛሬው ግን በገዛ እጃችን ተሸክመን ቤት የምናስገባው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ላስታ በሄድሁ ጊዜ አንዲት እናት ውኃ ቀዱልኝ። ጀሪካኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል በግማሽ ተፍቆ ይታያል፤ የፀረ ተባይ መያዣ ነበር። ብጠይቃቸው፣ «ሰባት ጊዜ በአመድ አጥቤዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እናቶቻችን እንስራውን በወይራ አጥነው፣ ውኃውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ያሳደጉን ናቸው። ይህ ጥበባቸው ለጉድፍና ለሽታ ይበጃል። ወደ ፕላስቲኩ ዘልቆ የገባ ኬሚካል ግን በአመድም በሳሙናም አይወጣም፤ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ወደ ውኃው ይመለሳል። ማፍላትም ሆነ የውኃ አጋር መጨመር ጀርምን እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋም። ጀሪካን የሚለው ስም ራሱ የጀርመን ጦር ለነዳጅ ካሠራው ዕቃ የመጣ መሆኑን ስናስብ፣ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በማግሥቱ ገበያ ነበርና አዲስ ጀሪካን ገዛሁላቸው። አሮጌውን ግን ሊጥሉት አልወደዱም፤ «ዕቃ እኮ ነው» አሉ። ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይቀዳበት ብዬ በምስማር በሳሁት። ዝም ብለው አዩኝ፤ የሞኝ ሥራ ሳይመስላቸው አልቀረም። ቆይተው ግን፣ «የጎረቤቴም እንዲህ ያለ ነው፤ ሄደህ ንገራት» አሉኝ።