የአመድ ዓመት፦ ማዕድ ላይ ያልመጡትን ያስቆጠሩት ኸሊፋ



የ1441ዱን ረመዷን የምንረሳው አይደለም። መስጂዶች ተዘግተው ተራዊሕን ሳሎን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሰገድንበት፣ ዒዱንም በየቤታችን ያሳለፍንበት ነበር። ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። አዋጁ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር፣ አሠሪም ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። መንግሥት ለዓመታት የተከማቸ የግብር ዕዳ ሰረዘ፤ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ለሚቆዩ ድርጅቶችም የአራት ወር የደመወዝ ግብር ማረ።

በእነዚያ ወራት ስለ ወረርሽኝና ስለ እስልምና ብዙ ተጽፏል። ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ አንድ ሐዲስ ነበር፦ ወረርሽኝ ያለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለው። ሐዲሱ እውነት ነው፣ ትልቅም ነው። ነገር ግን ያ ሐዲስ ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት ሌላም ታሪክ አለው። ሥራው ለቆመበት፣ ከብቱ ላለቀበት፣ ወራሽ ሆኖ መብቱን ላጣ ሰው መንግሥት ምን አደረገ የሚል የገንዘብ ታሪክ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ዓመቱ 18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች 639 ነው። አሚረል ሙእሚኒን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ናቸው። ሒጃዝ ለዘጠኝ ወር ያህል ዝናብ አጣ። ምድሩ ደርቆና ጠቁሮ አመድ መሰለ፤ ለዚህም ዓመቱ ዓሙ ረማዳ፣ የአመድ ዓመት ተባለ። ከብቶቻቸው ያለቁባቸው የበረሃ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መዲና ጎረፉና በከተማዋ ዙሪያ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት ሻም ውስጥ የዓምዋስ ወረርሽኝ ገባ። ድርቅ በደቡብ፣ ወረርሽኝ በሰሜን፤ ሁለቱም በአንድ ኸሊፋ ትከሻ ላይ።

ስለ ዑመር የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ቅቤውን ነው። ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ እንደማይቀምሱ ማሉ። አገልጋያቸው አንድ ቀን ቅቤና ወተት ገበያ ላይ አግኝቶ በ40 ዲርሃም ገዝቶ ቢያመጣ፣ ዋጋው ተወደደ፣ ሰደቃ አድርገው አሉት፤ ሕዝቡን የነካው እኔን ካልነካኝ ጉዳዩ እንዴት ያሳስበኛል የሚል ነበር ምክንያታቸው። ዘይት ብቻ ከመብላት ብዛት የፊታቸው ቀለም ተለወጠ። አገልጋያቸው አስለም፣ አላህ ያንን ድርቅ ባያነሳልን ኖሮ ዑመር በሕዝቡ ጭንቀት የሚሞቱ መስሎን ነበር ብሏል።

ይህ ታሪክ ልብ ይነካል። ግን መሪ ቅቤ ስለተወ የሰው ሆድ አይሞላም። ሆዱን የሞላው ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ እምብዛም አይነገርም።

ኢብኑ ሰዕድ በጦበቃት እንደዘገቡት ዑመር በመዲና ዙሪያ በየአቅጣጫው ሰዎች መደቡ። ተመዳቢዎቹ ቀን በሰፋሪው መካከል ይውላሉ፤ ማታ ማታ ከኸሊፋው ዘንድ ተሰብስበው ያዩትን አንድ በአንድ ይናገራሉ። ሠራተኞች ከሱሑር ሰዓት ጀምረው ትልልቅ ድስት ይጥዳሉ። አንድ ምሽት፣ ሰዉ በልቶ ሲጨርስ፣ ዑመር እዚህ ማዕድ ላይ የበሉትን ቁጠሩ ብለው አዘዙ። ተቆጠሩ፤ 7,000 ሰዎች ሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙ አስተዳዳሪ ይቆማል። ሰባት ሺህ ሰው አብልተናል ብሎ ያውጃል። ዑመር ግን ሁለተኛ ትእዛዝ ሰጡ፦ ወደ ማዕዱ ያልመጡትን ቁጠሩ፤ የታመሙትን፣ ሴቶቹን፣ ሕፃናቱን። ተቆጠሩ፤ 40,000 ሆኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰው ሲጨምር እንደገና አስቆጠሩ፤ ማዕድ ላይ የበሉት 10,000፣ ያልመጡት 50,000።

ቁጥሮቹን አንዴ ደግማችሁ እዩዋቸው። ተሰልፎ የሚታየው አንድ ሰው ከሆነ፣ የማይታየው አምስትና ስድስት ነበር። ሁለተኛው ቆጠራ ባይደረግ መንግሥት ሥራውን የጨረሰ ይመስለው ነበር። ላልመጡትም ምግቡ ወዳሉበት ይላክላቸው ነበር።

ሁሉም ዳነ ማለት ግን አይደለም። ከሰፋሪዎቹ መካከል ሞት በዝቶ ዑመር በአንድ ጊዜ ለብዙ ጀናዛ ይሰግዱ ነበር። አንድ ጎሳ ከሰፈረበት ሰው ሁለት ሦስተኛው ሳይሞት አልቀረም ያለ እማኝም አለ። ታሪካችንን ስንናገር ይህንን መዝለል አንወድም፤ ጸሐፊዎቹ ግን አልደበቁትም።

እህሉ ከየት መጣ? በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘዋወረው ታሪክ ዑመር ለግብፁ ገዥ ለዓምር ኢብኑል ዓስ ጽፈው፣ እሳቸውም ጫፉ መዲና፣ ጫፉ ግብፅ የሆነ የግመል ሰልፍ ላኩ የሚለው ነው። ታሪኩ ያምራል፤ ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ዓምር ጦር ይዘው ግብፅ የገቡት በራሱ በ18ኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ አገሩ እጃቸው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የግብፅ እህል የመጣው በቀጣዮቹ ዓመታት ነው ብንል ይሻላል። ጦበሪ እንደዘገቡት ቀድመው የደረሱት ከሻም አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ናቸው፤ እህል የጫኑ 4,000 ግመሎች ይዘው። ዑመር በመዲና ዙሪያ ላሉት ራሳቸው እንዲያከፋፍሉ አደረጉ፤ ሲጨርሱ ለድካማቸው 4,000 ዲርሃም እንዲሰጣቸው አዘዙ። አቡ ዑበይዳ፣ ለአላህ ብዬ ነው የሠራሁት፣ አልቀበልም አሉ። ዑመር ደግሞ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እኔን አንድ ሥራ አሠርተውኝ ሲሰጡኝ እንዳንተ ብዬ ነበር፣ ግን ሰጡኝ፤ ያልጠየቅከውን ሲሰጡህ ተቀበል አሏቸው። ተቀበሉ።

አሁን ወደ ግብሩ እንምጣ፤ ለዘመናችን ነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነው።

የዚያን ጊዜ የበረሃ ሰው ንግዱም ባንኩም መንጋው ነው። ዘካ ሰብሳቢ በየዓመቱ መጥቶ ከግመሉ፣ ከበጉ፣ ከፍየሉ ድርሻ ይወስዳል። በድርቅ ዓመት ከተረፉት ጥቂት እንስሳት ድርሻ መውሰድ፣ የዛሬን ሱቅ በዕዳ ምክንያት እንደማሸግ ነው፤ ባለቤቱ ዳግም አያንሰራራም። አቡ ዑበይድ በኪታቡል አምዋል እንደዘገቡት ዑመር በአመድ ዓመት ሰብሳቢዎችን አልላኩም። ዘካው ቆመ።

ግን አልተሰረዘም። በቀጣዩ ዓመት ዝናብ ዘንቦ፣ ሣሩ በቅሎ፣ መንጋው መራባት ሲጀምር ሰብሳቢዎቹን ላኩና የሁለት ዓመት ዘካ እንዲወስዱ አዘዙ። ትእዛዙ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፦ የአንዱን ዓመት እዚያው ለአካባቢው ድሆች አከፋፍሉ፣ የሌላውን ይዛችሁ ኑ።

ለምን ጨርሰው አልማሩትም? እንደሚመስለን ነገሩ የማን ገንዘብ ነው ከሚለው ይነሳል። ዘካ የኸሊፋው ገቢ አይደለም፤ የድሃው ሐቅ ነው። ኸሊፋ የራሱ ያልሆነውን መማር አይችልም፤ ጊዜ መስጠት ግን ይችላል። ባለመንጋው ተነፈሰ፣ ድሃውም ድርሻውን አላጣም፤ ግማሹ ደግሞ ከመንደሩ ሳይወጣ ደረሰው።

ይህንን ከ2012ቱ ጋር ስናነጻጽር መንግሥትን ለማመስገን ወይም ለመውቀስ ብለን አይደለም። የኪራይና የሥራ ክልከላው ብዙ ቤተሰብ ከጎዳና እንዳዳነ እናምናለን። የተሰረዘው ዕዳ ግን የጠቀመው ዕዳ ያለበትን ነው፤ በየዓመቱ ወረፋ ይዞ ግብሩን በወቅቱ የከፈለው ባለሱቅ ከዚያ ምንም አልደረሰውም። የደመወዝ ግብር ምሕረቱም በወረቀት የተመዘገበ ደመወዝ ከፋይ ላለው ነው። ጀበናዋን ይዛ ጥግ ላይ የምትቀመጠው እህታችን፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ሊስትሮው፣ የቀን ሠራተኛው የግብር ፋይል የላቸውም፤ የሚማርላቸው ዕዳም የለም። ለእነሱ የደረሰው “ማዕድ ማጋራት” የተባለው ነበር፦ ዱቄት፣ ዘይት፣ ማካሮኒ። ብዙዎቻችሁ ያኔ ደብተር ይዛችሁ በየሰፈሩ ቤት ለቤት ዞራችኋል። በር ላይ የሚወጡት መጠየቅ የለመዱት ናቸው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው “እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ” የሚሉት ደግሞ አሉ። እነዚያን ለመመዝገብ ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ ታውቁታላችሁ።

አሠሪን በተመለከተም ከዑመር ዘመን አንድ ፍርድ አለ። ዓመቱ ያው የአመድ ዓመት ነው አንልም፤ ኢማም ማሊክ በሙወጧእ ዘግበውታል። የሓጢብ ኢብኑ አቢ በልተዓ ባሮች የአንድ የሙዘይና ሰው ግመል ሰርቀው አርደው በሉ። ዑመር ቅጣት ካዘዙ በኋላ ወደ ጌታቸው ዞረው፣ የምታስርባቸው ይመስለኛል አሉት። የግመሉን ባለቤት ዋጋዋን ጠየቁ፤ በ400 ዲርሃም እንኳ አልሸጣትም ነበር አለ። ሓጢብን 800 ክፈል አሉት። ሌባው ተርቦ ከሆነ፣ ዕዳው ወዳስራበው ሰው ዞረ። በረሃብ ዓመት እጅ እንዳይቆረጥ ማዘዛቸውም ከእሳቸው ተዘግቧል።

ወደ ሻም እንመለስ። ዑመር ወደዚያ ሲጓዙ ድንበሩ ጋ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው፣ ከተማከሩ በኋላ የተመለሱበት ታሪክ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ አቡ ዑበይዳን ለማዳን ብለው፣ ለጉዳይ ስለምፈልግህ ና ብለው ጻፉላቸው። አቡ ዑበይዳ ነገሩ ገባቸው፤ ከሠራዊቴ አልለይም ብለው መለሱ። ያንን 4,000 ግመል እህል ያመጡት ሰው እዚያው በወረርሽኙ ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የተተኩት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም ሞቱ። ቀጥለው የተረከቡት ዓምር ኢብኑል ዓስ ሕዝቡን በየተራራው በትነው እስኪያልፍ አቆዩት። 25,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይዘገባል።

ወረርሽኝ ሲያልፍ የሚቀረው ነገር ሬሳ ብቻ አይደለም፤ ንብረትም ነው። ሓሪስ ኢብኑ ሂሻም ከ70 ቤተሰባቸው ጋር ሻም ሄደው የተመለሱት አራት ብቻ እንደነበሩ ጦበሪ ጽፈዋል። ከአራቱ የሚወርሰው ማነው? ማን ከማን ቀድሞ ሞተ? የፈረሱ፣ የቤቱ፣ የወታደር ድርሻው ባለቤት ማነው? ዑመር ግዛቶቻቸውን ሊዞሩ ሲነሱ ከየት ልጀምር ብለው፣ በሻም የሰዎች ውርስ እየጠፋ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ አሉ። ራሳቸው ሄዱ፤ ውርሱን ለሕያዋን ወራሾች አከፋፈሉ፣ የደመወዝና የቀለብ ድልድሉን አስተካከሉ። ባሏ የሞተባት ሴት ጉልበተኛ ዘመድ ሳይቀድማት መብቷን አገኘች ማለት ነው።

መዲና ላይ ዝናቡ የመጣው፣ ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ የነቢዩን አጎት ዓባስን አስቀድመው ዱዓ ካደረጉ በኋላ ነው። ዑመር ሰፋሪዎቹን ዘነበ ብለው ዝም ብለው አልበተኗቸውም፤ ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው ወደየአገራቸው ሸኟቸው። ዝናቡ ባይመጣ አስበውት የነበረውንም ነግረዋል፦ አቅም ባለው ቤት ሁሉ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ድሃ ሊያስገቡ ነበር፤ ሰው ግማሽ ሆድ በልቶ አይሞትምና።

ግብፅ ከተያዘች በኋላ ደግሞ መዲና ዳግም በግመል ጀርባ ላይ ብቻ እንዳትንጠለጠል፣ ከዓባይ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ቁልዙም የቆየው የጥንት ቦይ እንዲጠረግ አዘዙ። ኸሊጁ አሚሪል ሙእሚኒን ተባለ። የግብፅ ስንዴ በመርከብ ተጭኖ የመዲና ወደብ ወደሆነችው ወደ ጃር ይደርስ ጀመር። ቦዩ ከመቶ ዓመት በላይ አገለገለ። የዘጋው የዓባሲዩ ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር ነው፤ መዲና ውስጥ ዓመፅ ተነስቶበት ነበርና፣ እህል እንዳይደርሳት።

ወላሁ አዕለም።