ምን በላች?

ወዳጆች፣ ድመታችሁ ድንገት ብትንቀጠቀጥ፣ ለሃጯ ቢዝረበረብ ቶሎ «ምን በላች?» በሉ። ይቺን ጥያቄ ችላ ማለት የሚያስከፍለውን የጃፓኗ ሚናማታ ከተማ ታውቀዋለች።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሚናማታ ድመቶች እየተንቀጠቀጡ፣ እየተሽከረከሩ ይሞቱ ጀመር። ሰዉ የድመት ጭፈራ አለው። የበሉት ከባሕር የወጣ ዓሣ ነበር፤ ቺሶ የሚባለው ኩባንያ ፋብሪካ ደግሞ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ እዚያው ባሕር ውስጥ ይለቅ ነበር። ያንኑ ዓሣ የሚበላው ሰውም መታመሙ በ1956 በይፋ ታወቀ። በ1959 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶ/ር ሃጂሜ ሆሶካዋ ፍሳሹን ከምግብ ጋር ቀላቅለው ለአንድ የሙከራ ድመት ሰጡ፤ ያው ምልክት ታየ። ኩባንያው ግን ውጤቱን ደበቀው። ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው እያወቀ ሰው ተመረዘ!

እናንተ ጋ ሲደርስ የተረፈውን ከፊቷ አንሱ፤ የበላችውን ነገር ዕቃ ወይም ማሸጊያ ይዛችሁ ሳትቆዩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ወተት አትጋቷት፣ በጨውም አታስመልሷት። ከዚያ ልጆቹንም እዩ። ድመቷ የምትበላው እኮ እናንተው ቤትና ሰፈር ያለውን ነው።